አውድማ ላይ ያለው ባሌ

ዘንድሮ እኛ ሰፈር እህል የሚወቃው በማሽን ነው። ማሽኑ ከቡሬ በትራክተር ተጎትቶ ይመጣል፣ ማሳው ዳር ይቆማል፣ ከጧት እስከ ቀትር እያጓራ የአንድ ቤተሰብ ክምር ጨርሶ ወደ ሌላው ይሄዳል። ዙሪያውን ሴቱም ወንዱም ዶሮውም ይቆማል። እኔም ነጠላዬን አፍና አፍንጫዬ ላይ ጠምጥሜ ከረጢት እይዛለሁ። ማንም «አንቺ ሴት፣ ራቂ» አይለኝም። አንዳንዴ ይህን እያየሁ ለብቻዬ እስቃለሁ። እዚሁ መሬት ላይ እግሬን ስላሳረፍኩ አገር ተቆጥቶብኝ፣ ሽማግሌ ተቀምጦብኝ ያውቃል።

ለማያውቀው ላስረዳ። በእኛ አገር ሴት አውድማ አትረግጥም። አረሙን ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ነዶውን ተሸክማ ታመጣለች። ወንዶቹ መሬቱን ደልድለው፣ በእበት ለቅልቀው በሬዎቹን ካስገቡ በኋላ ግን ያ ክብ መሬት የእነሱ ብቻ ነው። ምሳ ይዛ የምትመጣ ሴት ዳር ላይ ካለው ድንጋይ አታልፍም። እንቅቡን እዚያ ታስቀምጣለች፣ ጮክ ብላ ትጣራለች፣ ፊቷን አዙራ ትመለሳለች። ወንዶቹ አውድማ ላይ ሲሆኑ የብዙ ነገር ስም እንኳ ይለውጣሉ፤ በሬውንም፣ መንሹንም፣ እህሉንም በሌላ ስም ነው የሚጠሩት። ሴቷ አሥራ ሁለት ወር የምትደክምለት እህል እህል የሚሆንበትን ቦታ ሳታይ ትኖራለች።

እኔ ፈረስ ቤት ከሚባለው አገር ነኝ፣ ደገኛ። በአሥራ ስምንት ዓመቴ ነው ቡሬ አጠገብ ወዳለው ሜዳ የተዳርኩት። አባቴ ቤት ሳለሁም ክልክሉን አውቀዋለሁ፤ ልጅ ስለነበርኩ ግን ግድ አልሰጠኝም። ጠያቂ ነበርኩ። እናቴ «ይቺ ልጅ መልስ ካላገኘች እንቅልፍ አይወስዳትም» ትል ነበር፤ ስትድረኝም የመከረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አደራሽን፣ ሁሉን አትጠይቂ።»

ባሌ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። ክፉ ሰው አይደለም። አይማታም፣ ጠጥቶ አይመጣም፣ በእርሻ ሥራ የሚስተካከለው አልነበረም። ዝምተኛ ግን ነው። ዝምተኛ ስል ቁጥብ ማለቴ አይደለም፤ ቤት ከገባ በኋላ የሚናገረው ቃል በአንድ እጅ ጣት ያልቃል። «ደኅና ዋልሽ። ውኃ አምጪ። በቃኝ።» እኔ «እርስዎ» እለዋለሁ። እሱ ሲበላ ቆሜ አበላለሁ፣ ሲጨርስ ቁጭ ብዬ የተረፈውን እበላለሁ። ጎረቤት ስሄድ እንኳ አስፈቅጄ ነው። ይህ ሁሉ ለሌሎቹ ሴቶችም እንዲሁ ስለነበር በመጀመሪያው ዓመት ብዙ አልከፋኝም።

በመጀመሪያው ታኅሣሥ አንድ ቀን ደጅ ተቀምጬ ሽንኩርት ስከትፍ ከአውድማው በኩል ሳቅ ሰማሁ። የሆድ ሳቅ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ሳል የሚሄድ። እኔንም አሳቀኝ። አማቴ አጠገቤ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር።

«ማን ነው እንዲህ የሚስቀው?» አልኳቸው።

«ባልሽ ነዋ! የባልሽን ሳቅ አታውቂውምሳ?» አሉኝ።

አላውቀውም። አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ቢላዋዬን አስቀምጬ እንደገና እስኪስቅ ጠበቅሁ። ሳቀ። ምን አሉት? ማን ነው ያሳቀው? ምን ዓይነት ጨዋታ ነው እዚያ ያለው? ማታ ሲመጣ ፊቱን አየሁት፤ ያው የማውቀው ሰውዬ ነው።

«ዛሬ አውድማ ላይ ምን ነበር ጨዋታው?» አልኩት።

«ምን ጨዋታ አለ። ሥራ ነው።» እግሩን ለመታጠብ ዘረጋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናቴን ምክር ረሳሁ። አማቴን ሴት አውድማ የማትረግጠው ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «በረከት ይሸሻላ» አሉ። «ወዴት ነው የሚሸሸው?» ብላቸው «እኔ ምኑን አውቄ፣ አሳድጄው አላውቅ!» ብለው ተቆጡኝ። የንስሐ አባታችን ቤት ሊባርኩ ሲመጡ እሳቸውንም ጠየቅኋቸው። ጢማቸውን እየዳበሱ ትንሽ አሰቡና «ልጄ፣ መጽሐፉ አይከለክልም፣ ልማዱ ነው የሚከለክል። ልማድን ደግሞ አጥብቆ የሚይዘው መጽሐፍ ያላየው ነው» አሉኝ። ወዲያው ይህን ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቁኝ።

በሚቀጥለው ክረምት ወንድ ልጅ ወለድኩ። እዚያው ቤት ነው የወለድኩት፤ መንገዱ ጭቃ ስለነበር መኪና አይገባም። ልጁ ከንጋት እስከ ቀትር ነው የቆየው። ክርስትና ስላልተነሣ ፍትሐት የለውም፤ አማቴ በነጠላ ጠቅልለው ለባሌ ታላቅ ወንድም ለዋርሳዬ ሰጡት፣ ወስዶ ቀበረው። እኔ ተኝቼ ነበር። ባሌ ማታ ገብቶ እግሬ ሥር ቆመና «እግዜር ያውቃል» አለ። ከዚያ በኋላ የልጁን ነገር አንስቶብኝ አያውቅም። ይህ ሰው ልብ የለውም አልኩ። ጠላሁት ብል አልዋሽም።

ክረምቱ አልፎ ታኅሣሥ ሲገባ አንድ ቀን ምሳ አድርሼ እንደ ወትሮው ተጣራሁ፤ ከመመለስ ግን ዞር ብዬ ከገለባው ክምር ጀርባ ገባሁ። የሚስቀው ሰውዬ ማን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። በእኔና በእነሱ መካከል ያለው ገለባ ብቻ ነው፤ ሳል ቢመጣብኝ አለቀልኝ። ባሌ በሬዎቹን ተከትሎ ይዞራል። አለንጋውን ትከሻው ላይ ጥሎታል፤ በሬ አይመታም። ይዘፍናል!

ዙርልኝ ቦራዬ፣ ዙርልኝ ዳለቻ፣
የሆዴን የማዋይ እናንተን ነው ብቻ።

ድምፁ ጥሩ ነው። ወንፈል የመጡት ጎረቤቶቹ ይቀበሉታል፣ ይቀልዱበታል፣ እሱም አፉን ሳያሟሽ ይመልስላቸዋል። የሰውን አካሄድ እያስመሰለ ይራመዳል። የዋርሳዬን አነጣጠስ ሲያስመስል እኔም ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ሳቅሁ። በኋላ ሌሎቹ ለምሳ ጥላ ሥር ሲሄዱ እሱ ከበሬዎቹ ጋር ቀረ። የቦራውን አንገት ያሻሻል። ከዚያ ቀስ ብሎ እንዲህ ሲለው ሰማሁ፦

«ጠና ሲል አንተን የሚነዳ ልጅ ነበረኝ እኮ።»

በሬው ጆሮውን አራገበ። እኔ ገለባው ላይ በደረቴ ተኛሁና አለቀስኩ። በመጀመሪያ ለልጄ ነበር ያለቀስኩ። በኋላ ግን በንዴት ነው፤ በበሬ ቀናሁ። ሰው በጣውንት ይቀናል፣ እኔ በቦራ በሬ ቀናሁ። ለእኔ «እግዜር ያውቃል» ብሎ ለከብት እንዲህ ይላል?

እዚያው ተኝቼ ወሰንኩ። ያንን አውድማ ላይ ያለውን ሰውዬ ቤቴ ውስጥ አገኘዋለሁ፤ ካላገኘሁት ደግሞ ጨርቄን ጠቅልዬ ወደ ፈረስ ቤት እመለሳለሁ። በእኛ አገር ፍቺ ብርቅ አይደለም። ከዝምተኛው ጋር አርጅቼ መሞት ግን አልፈልግም።

እንዴት እንደማገኘው አላውቅም ነበርና ያገኘሁትን ሁሉ ሞከርኩ። በመጀመሪያ ከገበታው ጀመርኩ። አንድ ማታ እራቱን አቅርቤ ከመቆም ፊት ለፊቱ ቁጭ አልኩና እጄን ታጠብኩ። አየኝ። ጎረስኩ። እሱም ጎረሰ። አንድም ቃል ሳይወጣው በልቶ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ግን አብረን ነው የምንበላ። አማቴ አዩና «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አሉኝ። «ወንዱ ዝም ካለሳ በማን ሊያልቅ ነው?» አልኳቸው። እዝን ላይ ያለ ሰው የሳቀ ያህል ደነገጡ፤ ግን ከንፈራቸው ጫፍ ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

በሌላ ጊዜ ሳላስፈቅድ ቡሬ ገበያ ሄድኩ፣ ወንዶቹ ብቻ በርበሬ የሚሸጡበትን ተራ ለማየት። ምንም የለበትም፤ በርበሬ ነው፣ ያስነጥሳል። ከዚያ ደግሞ አንድ ሐሙስ ሚኒባስ ተሳፍሬ ፍኖተ ሰላም ገባሁ። ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። መናኸሪያው አጠገብ ባለ ሻይ ቤት ደጅ ግማሽ ቀን ተቀምጬ መንገደኛ ሳይ ዋልኩ። አንድ ባልና ሚስት፣ ገጠሬዎች፣ እንደኛ የለበሱ፣ በአንድ ጃንጥላ ሥር ያልፋሉ። ሴቲቱ የሆነ ነገር አለችው፤ ቆሞ፣ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። ተነሥቼ ተከተልኳቸው። ምን እንዳለችው መስማት ፈልጌ ነበር፣ ሳልደርስባቸው ሰው መሐል ጠፉ።

ስመለስ ባሌ ደጅ ቆሞ አገኘሁት።

«የት ዋልሽ?»

«ፍኖተ ሰላም።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ሰው ለማየት።»

አፉን ከፈተ። እሰይ፣ ሊቆጣ ነው፤ ቁጣም እኮ ንግግር ነው አልኩ በሆዴ። መልሶ ዘጋው። «ላሟ አልታለበችም» ብሎ ገባ።

ሦስት ታኅሣሥ ከገለባው ጀርባ ተኛሁ። ልጅ ሳለ የቄስ ትምህርት ጀምሮ አባቱ ሲሞት እንዳቋረጠ እዚያ ነው የሰማሁት። እባብ እንደሚፈራ እዚያ ነው የሰማሁት። እኔ የሠራሁት ሽሮ ከእናቱ እንደሚበልጥ ለጓደኞቹ ሲናገርም ሰምቻለሁ፤ ለእኔ ግን ጨው በዝቷል ብሎኝ እንኳ አያውቅም። ቤት ስገባ ሌላ ሰው፣ አውድማ ዳር ሌላ ሰው። ሁለት ባል ያገባሁ መሰለኝ፤ አንደኛውን ደግሞ ሰርቄ ነው የማየው። መስረቁ በመጨረሻ አስጠላኝ።

በአምስተኛው ዓመት ምሳውን ይዤ ስሄድ ድንጋዩ ጋ አልቆምኩም። ይህን ቀድሜ አስቤበት አልነበረም። እግሬ አለፈ፣ እኔም ተከተልኩት። አውድማው በእግር ሲረገጥ ለስላሳ ነው፤ ይህን ያኔ ማስተዋሌ ይገርመኛል። ዘፈኑ ቀጥ አለ። ዋርሳዬ መንሹን ጣለው።

«ይቺ ሴት አብዳለች!» አለ። «ምርቱን በላችው! በረከቱን በላችው!»

ወንዶቹ አንድ በአንድ ወጡ። አንደኛው ሲያልፍ አማተበብኝ። ዋርሳዬ የራሱን በሬዎች ፈትቶ እየነዳ ሄደ። ገና ያልተወቃው ክምር ከግማሽ በላይ ነው። በአውድማው መሐል እኔ እንቅብ ይዤ፣ ባሌ ከሁለት በሬዎቹ ጋር ቀረን።

«ምን ጎደለሽ?» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፣ እውነት ግራ የገባው ሰው ነው።

«ሳቅዎ» አልኩት።

አየኝ፣ አየኝና በሬዎቹን ፈትቶ ወደ ቤት ነዳቸው።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ሦስት ሰዎች ናቸው። ድንጋይ ተሸክሜ ዋርሳዬን ይቅርታ እንድጠይቅ ፈረዱ፤ በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው እንዲያ ነው የሚያደርግ።

«ድንጋይ መሸከም አያቅተኝም፣ ነዶ ስሸከም ኖሬያለሁ» አልኳቸው። «ግን የበደልኩት ማንን እንደሆነ ይንገሩኝ።»

«አውድማውን ነዋ» አሉ ታላቁ።

«ታዲያ ይቅር በለኝ ብዬ መሬቱን ልሳመው?»

አንደኛው ሽማግሌ ጋቢያቸው ውስጥ ሳቁ፤ ታላቁ ግን አልሳቁም። ድንጋዩን እስክሸከም ድረስ ለእኛ ቤት ወንፈል የሚወጣ ሰው አይኖርም ተባለ። ባሌ አንገቱን ደፍቶ መሬት ይጭር ነበር። ለእኔም አልተናገረ፣ በእኔም ላይ አልተናገረ። አማቴ ወደ ቤት ስንመለስ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉ። ይህ ተረት የዚያን ቀን አጥንቴ ውስጥ ነው የገባው፤ እውነታቸውን ነበራ።

ሦስት ቀን ማንም አልመጣም። በአራተኛው ጧት በጮቄ ተራራ በኩል ደመና ተነሣ። ታኅሣሥ ላይ ዝናብ ከመጣ የተከመረው ሁሉ ይበሰብሳል። ባሌ ወጥቶ ሰማዩን አየ፣ ተመለሰና ነጠላዬን ከመስቀያው አውርዶ ሰጠኝ። ነይ አላለኝም። ተከትዬው ሄድኩ።

እሱ ነዶውን ይበትናል፣ እኔ በሬዎቹን ተከትዬ እዞራለሁ። እነሆ፣ የተከለከልኩት ቦታ መሐል ነኝ። ዓመታት ሙሉ ምን አለበት ያልኩት መሬት፣ እበትና ገለባ ነው። የፈለግሁት ነገር ግን የለም። አንድም ቃል አይተነፍስም። አይዘፍንም፣ በሬዎቹን እንኳ በስማቸው አይጠራቸውም። እኔ ስገባ አውድማው ቤት ሆነ። እስከ ቀትር ዞርኩ። የሚስቀውን ሰውዬ ያለበት ድረስ ሄጄ ያባረርኩት እኔ ራሴ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ነገ ወደ ፈረስ ቤት እሄዳለሁም አልኩ፤ ክምሩ እንዳለቀ።

ከዚያ ግን ቆምኩ። ቆሜ በሬዎቹንም አቆምኩ።

«ሳቅዎን ሰምቻለሁ» አልኩት። «ዘፈንዎንም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ገለባ ጀርባ ተኝቼ ሰምቻለሁ። ስለ ልጃችን ለቦራው የነገሩትንም ሰምቻለሁ። ለከብት የነገሩትን ለእኔ ምነው ነፈጉኝ?»

መንሹን እንደያዘ ቀረ። ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። የሚመታኝ መሰለኝ፤ እሱ ግን እንደዚያ አያደርግም።

«ሦስት ዓመት?» አለ።

«ሦስት ዓመት።»

«እና ሦስት ዓመት ሙሉ እያወቅሽው፣ አንቺስ ምነው ዝም አልሽኝ?»

አማቴን ጠይቄአለሁ፣ ካህን ጠይቄአለሁ፣ ሽማግሌ ጠይቄአለሁ፣ ፍኖተ ሰላም ድረስ ሄጄ የማላውቃቸውን ሰዎች ተከትያለሁ። የልጃችንን ነገር ግን እኔም አንድ ቀን አንስቼበት አላውቅም። ልብ የለውም ብዬ ፈርጄበት ነበር፤ የተፈረደበትን ሰው ማን ይጠይቃል?

መንሹን መሬት ላይ አጋደመና ገለባው ላይ ተቀመጠ። ቆቡን አወለቀ። እጆቹ መሐል ያዞረው ጀመር። ደመናው ወደ እኛ እየመጣ ነበር፣ ሁለታችንም አላየነውም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለኝ። እንዲህ ብሎኝ ሲያውቅ በአምስት ዓመት የመጀመሪያው ነው። «የዚያን ቀን ከንጋት ጀምሮ ደጅ ላይ ነበርኩ። ምጥ ያለበት ቤት ወንድ አይገባም ብለው አላስገቡኝም። ድምፁን ሰማሁት። በኋላ ተጠቅልሎ ወጣ። ወንድሜን ግለጥልኝ ብለው፣ አይሆንም፣ ነውር ነው አለኝና ይዞት ሄደ።»

ቆቡን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ቀጠለ።

«ማንን ይመስል ነበር?»

እኔ የእሱን አውድማ ለማየት አምስት ዓመት ስጥር፣ እሱ የእኔን ጓዳ በር ሲያይ እንደኖረ ያኔ ነው የገባኝ። በሬዎቹን ተውኳቸው፤ ነዶውን ይብሉት። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩና የልጃችንን መልክ ከግንባሩ ጀመርኩለት።